ባሌን ሰጥቻችሁ ወንድሙን አመጣችሁልኝ

እኛ ሁለት ነን። አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ካሜራ ይዘን የምንኖር ሁለት የጋዜጠኝነት ምሩቆች። ካሜራው በእቁብ ብር የተገዛ ያገለገለ ካኖን ነው። (እቁቡ የወጣው ለአንዳችን ቢሆንም ካሜራው የጋራ ነው፤ ጉዳዩ እስካሁን በድርድር ላይ ነው።) ከሱ ጋር ባለ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ አለን። በግቢው ውስጥ "ፎቶ የሚያውቁት ልጆች" እንባላለን። ስሙን ያገኘነው በሥራችን እንዳይመስላችሁ፤ ካሜራውን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን በመግባትና በመውጣት ብቻ ነው።

ይሄ ስም አምና ዋጋ አስከፈለን።

እማማ የምንላቸው አከራያችን፣ የባለቤታቸው ሙት ዓመት ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ማታ በራችንን አንኳኩ። ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፖስት ካርድ የሚያህል፣ ጠርዙ የተበላ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ኮት የለበሱ፣ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ያበጠሩ ወጣት ሰው ቀጥ ብለው ያዩናል። ሌሎቹ ፎቶዎች ቤት ሲቀየር ጠፍተዋል፤ የቀረው ይሄ ብቻ ነው።

"ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አድርጋችሁ አሳድጉልኝ። ፎቶ ቤት ግን አልሰጥም፤ ከዓይኔ አይርቅም።"

"ምን ችግር አለው እማማ!" አልናቸው። ጋዜጠኛ ሲያውቅም ሳያውቅም መልሱ ይሄው ነው።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ሱቃችንን ዘረጋን። ካርቶን ላይ አራት ቦታ በጣ አድርገን የፎቶውን ጥጎች ሰካን፤ ካሜራውን ትራንክ ላይ መጻሕፍት ደራርበን አስቀመጥነው፤ እጃችን እንዳያንቀጠቅጠው በራሱ ሰዓት ቆጥሮ እንዲያነሳ አደረግነው። እማማ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ፎቶውን እንደ ሕፃን ይጠብቃሉ። አፐርቸሩን 22 ላይ አደረግነው። ለምን? ደብተራችን ላይ "አፐርቸር በጠበበ ቁጥር ሁሉም ነገር ጥርት ይላል" የሚል ዓረፍተ ነገር ስላለ። ለፈተና አስምረንበታል፤ በፈተናውም አግኝተነዋል።

ፋይሉን በፍላሽ ወስደን 40 በ60 ሴንቲ ሜትር አሳተምነው፤ ፍሬም አስገባንለት፤ በታክሲ ጭነን እንደ ታቦት አጅበን አመጣነው። እማማ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቀረብ አሉ፤ ራቅ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉን፦

"ልጆቼ፣ እኔ ባሌን ሰጥቻችሁ እናንተ ወንድሙን አመጣችሁልኝ።"

እውነታቸውን ነው። የዓይኑ ቆብ መስመር ጠፍቷል፤ ከንፈሩ ተዋህዷል፤ ፊቱ ሰው ነው፣ ግን የትኛውም ሰው ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ያደረግነው ነገር ያሳፍራል፤ ያተመልንን ልጅ ልንጣላ ሄድን። ልጁ ምንም አልተናገረም። ፋይሉን ከፍቶ አጎላና "እዩት፣ ከናንተ ሲመጣም ድብዝዝ ነው" አለ። ቀጥሎ ካሜራው ከፎቶው ጋር የመዘገበውን ቁጥር አይቶ ሳቀ። "ጠፍጣፋ ወረቀት ለማንሳት 22 ምን ያደርግላችኋል?"

ጥያቄውን ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። ደብተሩን ስንገልጠው ዓረፍተ ነገሩ ውሸት አልነበረም፤ እኛ ነን ያልገባን። አፐርቸር ሲጠብ የሚጨምረው ጥልቀት ነው። ከፊት ያለው ሰውም ከኋላው ያለው ተራራም አብረው እንዲታዩ ያደርጋል። እንዲህ ሲባል ግን እያንዳንዱ ነገር ሊሆን የሚችለውን ያህል ጥርት ይላል ማለት አይደለም። ለፖስት ካርድ ደግሞ ፊትና ኋላ የለውም። ያላስፈለገንን ጥልቀት ገዝተን በእማማ ባል ፊት ከፍለናል።

ክፍያው በሒሳብም ይታወቃል፤ እንቁጠረው። ኤፍ የሚባለው ቁጥር የሌንሱ የትኩረት ርቀት ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ነው። የኛ 50 ሚሊሜትር ሌንስ 1.8 ላይ 28 ሚሊሜትር ገደማ ይከፈታል፤ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ማለት ነው። 22 ላይ ግን 2.3 ሚሊሜትር ብቻ ይቀራል፤ የሰናፍጭ ፍሬ በሉት። ብርሃን እንዲህ ባለ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይበተናል። አንዲት ነጥብ ነጥብ ሆና አትወድቅም፤ ትንሽ ክብ ትሆናለች። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ በ1835 እ.ኤ.አ. የዚህችን ክብ ስፋት አስልቷል፤ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በኤፍ ቁጥሩ፣ ከዚያም በ2.44 ይባዛል። ለአረንጓዴ ብርሃን 22 ላይ 0.03 ሚሊሜትር ይመጣል። ኢምንት ይመስላል። የካሜራችን ሴንሰር ግን ወርዱ 22 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እሱ ተለጥጦ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 27 ጊዜ አደገ ማለት ነው። ክቧም አብራ አድጋ 0.8 ሚሊሜትር ትሆናለች። በዚህ ዓይነት ብሩሽ ሽፋሽፍት መሳል ይቻላል?

እንግዲያው ወለል አድርጎ መክፈት ነዋ! እኛም እንደሱ ብለን ነበር። ግን ሌንስ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በመስታወቱ ዳር የሚገባው ብርሃን በመሃሉ ከሚገባው ጋር አንድ ቦታ አይገናኝም፤ መስመሮች ጢስ የለበሱ ይመስላሉ፤ ጥጎቹ ደግሞ ይብሳሉ። ጠበብ ሲደረግ ዳር ዳሩ ይዘጋና ጢሱ ይጠፋል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብ መበተኑ ይመጣል። የምንፈልገው በሁለቱ መካከል ያለ ቦታ ነው፤ የት እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ የራሳችን ሌንስ እንጂ ደብተር አይደለም።

እሑድ ጠዋት ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ገጹን የመረጥነው ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ነው፤ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ። (ገጹን ከዚያ በፊትም በሌላ ምክንያት እናውቀዋለን።) ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትይዩ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ መስታወት ጋዜጣው መሃል ላይ ለጥ አድርገን ያዝን፤ በስክሪኑ የሌንሱ ዓይን ራሱን ልክ መሃል ላይ እስኪያይ ድረስ ካሜራውን አንቀሳቀስነው። አይ ኤስ ኦ 100። ፎከሱን በስክሪኑ 10 ጊዜ አጉልተን አስተካከልንና ከዚያ ወዲያ እንዳይንቀሳቀስ ከአውቶማቲክ አወጣነው። ከዚያ ከ1.8 ጀምረን እስከ 22፣ በየቁጥሩ ሦስት ሦስት ጊዜ። ሦስት ጊዜ የሆነው የጎረቤት ልጆች በሩጫ ሲያልፉ ወለሉ ስለሚነቃነቅ ነው፤ ከሦስቱ የተሻለውን እንወስዳለን።

ኮምፒውተር ላይ ሙሉ መጠኑ ላይ አድርገን አየናቸው። ፊደላችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው! በ እና ቡ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ ጭረቷ ከታየች ሌንሱ ሠርቷል። 1.8 ላይ መሃሉ ጢስ ለብሷል፤ ጥጉ ላይ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደተፈለገ እንኳ አይለይም። 2.8 ላይ መሃሉ ነቃ። 4 ላይ መሃሉ ግሩም ሆነ፤ ጥጉ ግን ገና ነው። 5.6 ላይ ጥጉም ደረሰ፤ "3 ዓመት የሥራ ልምድ ያላት/ያለው" የሚለው እንደ ብርሃን ወለል ብሎ ታየ። (ባይታይ ይሻለን ነበር።) 8 ላይ ልዩነት ለመፈለግ ተጨቃጨቅን፤ አጣን። 11 ላይ ትንሽ ለስለስ አለ፤ 16 ላይ ለማንም ያስታውቃል፤ 22 ላይ በ እና ቡ ታረቁ።

የብዙ ሌንሶች ወሬ ተመሳሳይ ነው፤ ከሰፊው ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ዝቅ ያለው ቦታ ነው የሚጣፍጠው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55፣ 55 ላይ ሰፊው ቁጥሩ ራሱ 5.6 ስለሆነ የሱ ጥርት 8 እና 11 አካባቢ ይገኛል። በስልካችሁ የምታነሱ ግን አትጨነቁ፤ የአብዛኛው ስልክ አፐርቸር አይቀያየርም።

አንድ ወዳጃችን ይህን ስናወራ "ታዲያ እነዚያ የአሜሪካ ታላላቆች ማኅበራቸውን ኤፍ 64 ብለው የሰየሙት አብደው ነው?" ብሎ ሊያጣብበን ሞከረ። አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተን፣ ኢሞጅን ከኒንግሃምና ጓደኞቻቸው በ1932 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያሰባሰቡት ቡድን ነው። አላበዱም። ዌስተን የሚታወቅበት ኔጋቲቭ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተኝቶ በልኩ የሚታተም። 64 ላይ የብርሃኗ ክብ 0.09 ሚሊሜትር ገደማ ትሆናለች፤ ግን ማንም 27 ጊዜ አይለጥጣትም። የኛን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሴንሰር ከሱ ጋር ማወዳደር ሲኒን ከጋን ጋር ማወዳደር ነው።

ሙት ዓመቱ አራት ቀን ሲቀረው እማማን እንደገና ለመንናቸው። በረንዳው፣ ትራንኩ፣ በርጩማው። በዚህኛው ቀን ክርክራችን 5.6 ወይስ 8 የሚል ነበር። ፎቶው በዘመን ብዛት እንደ ቅጠል ጎበጥ ብሏል፤ ስለዚህ ያቺን ጥቂት ጥልቀት ፈልገን 8 መረጥን። 22 ላይ አንድ ሙሉ ሰከንድ የፈጀው ሥራ በአንድ ስምንተኛ ሰከንድ አለቀ።

ማታ ፋይሉን ስናጎላ ግን ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ከግራ ቅንድባቸው በላይ ቀጫጭን የእርሳስ ጭረቶች አሉ። የዱሮ ፎቶ አንሺ በእጁ ያስተካከለው ነው። ከጭረቶቹ ሥር ደግሞ አጭር፣ ሰያፍ ጠባሳ። ፖስት ካርዱን በዓይን ስናየው አንዱም አይታይም ነበር። እናጥፋው? እንተወው? ኮምፒውተር ላይ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንዳችን "ያምራል፣ ይጥፋ" አለች፤ አንዳችን "የሰው ግንባር ላይ ማን ሾመን" አለች። በመጨረሻ ላፕቶፑን ይዘን ሄድንና እሳቸውን ጠየቅን።

እማማ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

"ይቺን ጠባሳ! በበቅሎ ወድቆ ነው። ፎቶ አንሺው 'አጠፋልዎታለሁ' ብሎ ሁለት ብር ጨመረብን። ሌባ! አላጠፋትም እኮ።"

"እኛ እናጥፋት እማማ?"

"ተዉአት። እኔ የማውቀው እሷን ነው።"

ሁለተኛውን ያሳተምነው በራሳችን ገንዘብ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ሽሮ ብቻ በላን። አሁን ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከቡፌው በላይ፣ ከነጠባሳው ተሰቅሏል። የመጀመሪያውን፣ "ወንድሙን"፣ እማማ እንዳንጥለው አደራ ስላሉን ከአልጋችን ጀርባ አቁመነዋል። ጀርባው ነጭ ስለሆነ ሰው ስናነሳ ብርሃን ለማንጸባረቅ እንጠቀምበታለን።