ልጄን ላርስ ውድብሪጅ ሄጄ

ልጁ አሜሪካ ያለ ወላጅ ይህን ስልክ ያውቀዋል። "እማዬ፣ አርግዣለሁ፤ መጥተሽ ታርሺኛለሽ" ትላለች ልጅ። እናትም በዚያው ሌሊት በርበሬ የምታስፈጭበትን ቀን መቁጠር ትጀምራለች። ለእኔ ስልኩ የተደወለው ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት የሰው ልጅ ሳስታምም ኖሬ የገዛ ልጄን ሳላርስ ልቀር አልችልም። አጥሚቱን፣ አብሹን፣ በሶውንና በርበሬውን በሁለት ሻንጣ ጠቅጥቄ፣ የ2000 ዓ.ም. ጳጉሜን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረድኩ።

ቤቱን በፎቶ አውቀዋለሁ። ባለ አንድ ፎቅ፣ ፊቱ ቀይ ጡብ የሆነ፣ አራት መኝታ ቤትና ጋራዥ ያለው ቤት ነው። ፎቶው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሎኔ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ቆሟል። ቡና ጠርቼ ያላሳየሁት ጎረቤት የለም።

ውድብሪጅ ከዋሽንግተን በስተደቡብ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ በሚባለው የቨርጂኒያ ግዛት ክፍል ይገኛል። የስሙ ትርጉም "የእንጨት ድልድይ" ነው፤ ድሮ ኦኮኳን በሚሉት ወንዝ ላይ ከነበረ ድልድይ የመጣ ስም ነው አሉኝ። ዛሬ ከተማውን የሚያኖረው ግን ቁጥር 95 አውራ ጎዳና ነው፤ ሰው ሁሉ ጠዋት በእሱ ወደ ዋሽንግተን ይጎርፋል፣ ማታ በእሱ ይመለሳል። ከሁሉ የገረመኝ የጠዋቱ ሰልፍ ነው። በአንድ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ሰዎች ቦርሳቸውን አንግተው ይሰለፋሉ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ መስለውኝ ነበር። ለካ በዚያን ጊዜ ሦስት ሰው የያዘ መኪና ብቻ የሚሄድበት ፈጣን መንገድ ስለነበር፣ ባለመኪናው ከሰልፉ ሁለት የማያውቃቸውን ሰዎች በነፃ ጭኖ ይሄድ ነበር። እንዴት የማያውቁት ሰው መኪና ውስጥ ይገባል? ይገባሉ። የዚህ አገር ሰው እርስ በርሱ ይተማመናል ብዬ ተደነቅሁ።

ለስኳሬ ሐኪም ያዘዘልኝ የግማሽ ሰዓት እርምጃ ስላለ ጠዋት ጠዋት ስኒከሬን አጥልቄ እወጣ ነበር። የልጄ ጎዳና ግራና ቀኝ ሃያ ስድስት ቤቶች አሉት። አንዳንዶቹ ሰው እንደሌላቸው ያወቅሁት በሣሩ ነው። ሣሩን ያላሳጨደ የሰፈሩ ማኅበር ይቀጣዋል፤ ስለዚህ ሣሩ ጉልበት የደረሰ ግቢ ሰው የለበትም ማለት ነው። የበሩ እጀታ ላይ ቁልፍ የሚቀመጥባት የብረት ሳጥን ተንጠልጥላለች። ደጁ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ ጋዜጦች ዝናብ ጠግበው ተከምረዋል። በአንደኛው ጓሮ የልጅ ዥዋዥዌ እንደተተከለ ቀርቷል። ሰባት ቤት ቆጠርኩ።

ሰው ባለባቸው ቤቶች ደጅ ደግሞ የምርጫ ሰሌዳ ተተክሏል። በአንዱ ሣር ላይ "ኦባማ" እና "የሚሸጥ" የሚሉት ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ መንገዱን ስሻገር "ማኬይን" እና "የሚሸጥ" አገኘሁ።

ልጄ የተገላገለችው መስከረም 5 ቀን 2001 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት ነው፤ በእነሱ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008። ወንድ ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። በተኛችበት ክፍል ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን አለ። እኔ የእትብቱን አያያዝ እያየሁ (ነርስ ሆኜ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም) ቀና ስል፣ ዘንጠው የለበሱ ወጣቶች ካርቶን ታቅፈው ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ይወጣሉ። "እነዚህ ምን ሆነው ነው?" አልኩ። አማቼ መልስ ሳይሰጠኝ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ሌማን ብራዘርስ የሚባለው የ158 ዓመት ባንክ በዚያ ጠዋት መክሰሩን ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው።

አማቼ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳል። በዚያ ዓመት የከተማው ከንቲባ ታክሲዎችን ከዞን ታሪፍ ወደ ሜትር ስላዞሩ ሾፌሩ ሁሉ ያማርር ነበር። ቤንዚን በክረምታችን ወራት ጋሎኑ ከአራት ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባና ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ደረጃውን ይወጣል። ሕፃኑን እንዳይቀሰቅስ መስሎኝ ነበር።

የእነሱን ፖለቲካ ከልጄ አልጋ ጎን ሆኜ ተማርኩት። ኮንግረሳቸው ባንኮቹን ለመታደግ የቀረበውን የ700 ቢሊዮን ዶላር ሕግ መጀመሪያ ጣለው፤ በዚያው ሳምንት መጨረሻ አጸደቀው። መስከረም 27 ማታ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ናሽቪል ላይ በመራጮች ተከበው ሲከራከሩ፣ አንዲት ሴት ተነስታ "ሁለቱም ፓርቲዎች ለዚህ ቀውስ አብቅተውን ሳለ በገንዘባችን እንዴት እንመናችሁ?" የሚል ጥያቄ አቀረበች። ልጄ ሕፃኑን እያጠባች "ጎበዝ!" አለች። ኦባማ የቁጥጥሩን መላላትና የቡሽን ስምንት ዓመት ከሰሱ፤ ማኬይን ፋኒ ሜይንና ፍሬዲ ማክን፣ ከጀርባቸውም ዴሞክራቶችን። ፋኒና ፍሬዲ የባልና ሚስት ስም ይመስላል እንጂ፣ ከባንኮች የቤት ብድር እየገዙ ባንኮቹ እንደገና እንዲያበድሩ የሚያደርጉ ግዙፍ ድርጅቶች ናቸው። እኔ በገባሁበት ሳምንት መንግሥት ተረክቧቸዋል።

ክርስትናው በአርባ ቀኑ፣ ጥቅምት 15 ቅዳሜ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሠላሳ ሰው ያህል ገባ። የእኛ ሰው ድግስ ላይ ፖለቲካ ሲያነሳ የአገር ቤቱን ነው፤ ያን ቀን ግን አራት ኪሎን ያነሳ አልነበረም። ምርጫው አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ከተሰበሰበው ሰው ብዙው ዜግነት ያለው መራጭ ነው። ቀይ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ዶሮ ወጡን ገና ሳያጋምስ ጀመረው።

"ሪፐብሊካኖች ናቸው! ለባንኩ ልጓሙን የፈቱለት እነሱ ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ማዕከላዊ ባንኩን የመራው ግሪንስፓን ራሱ ከትናንት ወዲያ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ አስተሳሰቡ ጉድለት እንደነበረበት አላመነም?"

ነዳጅ ማደያ ያለው ሌላው ተቀበለው። "ቆይ እንጂ! በ1977 ካርተር የፈረሙት ሕግ ምን ይላል? ባንክ ለደሃ ሰፈርም ያበድር ነው የሚለው። ፋኒንና ፍሬዲን አትንኩብን ያሉትስ እነማን ናቸው? ዴሞክራቶች!"

በዕድሜ የገፉ፣ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ሠርተው የወጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም "ጋሼ" ይሏቸዋል። እጃቸውን ታጥበው እስኪጨርሱ ዝም አሉ። ከዚያ "ተራውን ባንክ ከአክሲዮን ቆማሪው ባንክ የለየ የ1933 አጥር ነበር" አሉ። "በ1999 ያፈረሱትን ሕግ ያረቀቁት ሪፐብሊካኖች ናቸው፤ የፈረመው ክሊንተን ነው። ብዕሩ አንድ ነው፣ እጁ ሁለት።"

እኔ እንጀራ እያቀረብኩ ስሰማቸው የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። አንድ ሌሊት የአንድ በሽተኛ ግሉኮስ አልቆ ደሙ ወደ ቱቦው መመለስ ጀምሮ ደረስንበት። ጠዋት የማታ ተረኛዋ "ቀን ነው የተበላሸው" አለች፤ የቀኗ "ስረከብ ደህና ነበር" አለች። ቻርቱ ሲገለጥ የሁለቱም ፊርማ አለበት። በሽተኛው ግን በሁለቱ ጭቅጭቅ መካከል ክንዱ እያበጠ ነበር።

"ጋሼ፣ ለዚህ ሁሉ ብድር ዋሱ ማነው?" ብዬ ጣልቃ ገባሁ። በእኛ ዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ብሯን አይነካትም። ወጣቶቹ ሳቁብኝ፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

"ጥሩ ጠየቁ፣ ሲስተር" አሉኝ። "እኔ ብድር ሳጸድቅ ገንዘቡ እስኪመለስ እንቅልፍ አልነበረኝም። እዚህ ያበደረው ሰው ብድሩን በወሩ ይሸጠዋል። የገዛው ከሺህ ሌላ ብድር ጋር ቀላቅሎ ለኒውዮርክ ይሸጣል፤ ኒውዮርክ ከትፎ ለዓለም ይሸጣል። ደረጃ መዳቢ የሚባሉት ድርጅቶች 'ምርጥ' ብለው ማኅተም ይመቱበታል፤ የሚከፍላቸው ሻጩ ነው። ዋስ ያሉኝ እንደሆነ፣ ዋሱ ቤቱ ራሱ ነበር። የቤት ዋጋ አይወርድም ተብሎ።"

ከሶፋው ጥግ ተቀምጣ የነበረች የሙያ ባልደረባዬ የሆነች ሴት ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "እኔ በሁለት ሺፍት እየሠራሁ፣ አንድ ወር ሳላሳልፍ ከፍያለሁ። ደመወዙን ዋሽቶ ቤት ለገዛ ሰውና ላበደረው ባንክ የእኔ ታክስ የሚከፈለው በምን ዕዳዬ ነው? የትኛውም ፓርቲ ይህን አልመለሰልኝም።"

ልጄ ብድግ አለች። ያልተነሱ ሳህኖች ስታነሳ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አራስ ናት፣ ደክሟት ነው ብዬ ሳህኑን ተቀብያት ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። አማቼ እዚያ ነበር፤ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ያጥባል።

"እማዬ፣ ሦስት ወር አልከፈልንም" አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ቤቱን በ430 ሺህ ዶላር ሲገዙ ከኪሳቸው ያወጡት ምንም የለም። የመጀመሪያው ሁለት ዓመት ክፍያው በወር 2,400 ዶላር ነበር፤ ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ወለዱ ተለውጦ 3,350 ገባ። ልጄ ከወለደች ወዲህ ደመወዝ የላትም። ሸጠው እንዳይወጡ፣ አጠገባቸው ያለው ተመሳሳይ ቤት በ240 ሺህ ቀርቦ ገዢ አጥቷል።

"ብድሩን ያስያዘልን ያ ባለ ቀይ ከረባቱ ነው። ስንት ታገኛለህ አለኝ፤ 3,800 አልኩት። በዚህ ቤት አይገዛም ብሎ ሳቀ። ወረቀቱ ሲመጣ 9,200 ይላል።" ብርጭቆውን አስቀመጠ። "አየሁት። ፈረምኩ።"

"ለምን ፈረምክ?" አልኩት።

አማቼ ጨዋ ነው። ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶ አቀረቀረ። ያላለውን እኔው አስታወስኩት። በ1998 ዓ.ም. ፋሲካ ስልክ ላይ "በኪራይ ቤት ልጅ አይወለድም" ያልኩት እኔ ነኝ። የእነ እከሊት ልጅ ሜሪላንድ ላይ ገዝታለች፣ እናንተ እስከ መቼ ነው፣ ያልኩትም እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ያልኩት እንዳይመስላችሁ፤ እስኪገዙ ድረስ በየእሑዱ ብያለሁ።

ቡናውን ይዤ ስመለስ ክርክሩ አልበረደም ነበር። ባለ ቀይ ከረባቱ ሲኒውን በሁለት እጁ ተቀብሎ "እጅዎ ይባረክ፣ ሲስተር" አለኝ። አንድ ነገር ልናገረው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት የእሱም ቤት በነሐሴ በሐራጅ ተሸጧል፤ አሁን የሌሊት ታክሲ ይነዳል።

ጥቅምት 24፣ የምርጫው ዋዜማ፣ ኦባማ የመጨረሻውን የምርጫ ንግግራቸውን ያደረጉት እዚያው ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ፣ ማናሳስ ላይ ነው። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ወጣ፤ መንገዱ በመኪና ተዘጋ። ያሳደጓቸው አያታቸው ማረፋቸው የተሰማው በዚያው ቀን ነበር። ያን ስሰማ ፖለቲካውን ትቼ ለእሳቸው አዘንኩ፤ የልጅ ልጅ ለዚህ ሲበቃ በአንድ ቀን ማምለጥ!

በማግሥቱ አማቼ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተሰልፎ መረጠ። ዜግነት ካገኘ የመጀመሪያው ምርጫው ነው። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁት። በሰልፉ ውስጥ ሰባቱን ቤቶች ባዶ ያደረገው የትኛው ፓርቲ እንደሆነ አሁንም ይከራከራሉ። ሲወጣ ማንን መረጥክ ብዬ አልጠየቅሁትም። "ነገ አበዳሪው ጋ ልደውል ነው፤ ትክክለኛውን ገቢዬን እነግራቸዋለሁ" ብቻ አለኝ። በዚያ ሌሊት ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዴሞክራት መረጠች።

ስልኩ ወራት ፈጀ። የሚያነሳው ሰው በየጊዜው ሌላ ነው፤ ብድሩ እንደገና ተሽጦ ባለዕዳውን የሚያውቀው አልነበረም። በመጨረሻ ቤቱ ከዕዳው ባነሰ ዋጋ እንዲሸጥ ተፈቀደና በየካቲት ለቀው ወጡ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል አፓርታማ ተከራዩ፤ ወሩ 1,350 ዶላር። ወጥ ቤቱን ካርቶን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ወለሉንም ጠረግሁት፤ ልጄ "እማዬ ተዪው፣ የእኛ አይደለም እኮ" ብትለኝም ቆሻሻ ቤት ትቶ መውጣት አልሆነልኝም። አማቼ አሁን ቀን ቀን ይሠራል፤ ማታ ሲገባ ጫማው ይሰማል አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ልጄን አስፈቅጄ ነው። "ስማችንን ካልጠራሽ ጻፊው" ብላኛለች። ከተመለስኩ ወዲህ የቤቱን ፎቶ ከቴሌቪዥኑ ላይ አንስቼ የሕፃኑን አኑሬበታለሁ፤ በአፓርታማው ምንጣፍ ላይ ዳዴ ሲል ነው የተነሳው። ጎረቤቴ ባለፈው ቡና ስትመጣ ወዲያው አየችው። "ቤቱስ?" አለችኝ። "ሸጡት" አልኳት። ለእሷ የነገርኳት ይህን ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን ጋዜጣ ከእኔ እየተዋሰች ስለምታነብ ቀሪውን ዛሬ ታገኘዋለች።