«ዝናብ ይወስደዋል»... ወዴት?

የአዲስ አበባ ሰው ክረምት ሲገባ ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ የቀጠረ ይመስለዋል፤ ዝናብን! በር ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻ፣ የፈሰሰው ዘይት፣ የልብስ እጣቢው... ሁሉም «ዝናብ ይወስደዋል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይወስደዋል። ግን ወዴት?

እስቲ ቀበና ድልድይ ላይ ቆም በሉ። ወንዙ ከእንጦጦ ጋራ ሲነሳ ይሄ መልክ የለውም። መንደር እያቋረጠ ሲወርድ ነው ከየደጁ የሚመጣው ቦይ የሚገባበት። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ወደ ታች ብታዩ ፌስታሉ፣ የውሃ ፕላስቲኩ፣ ያለቀው ጫማ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። ባለቤቶቹ እኛው ነን።

ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነገር አለ። የመንገድ ዳር ቦይና የፍሳሽ መስመር ይለያያሉ። የፍሳሽ መስመር ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል፤ የዝናቡ ቦይ ግን ምንም ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ትልቁ አቃቂ ከትንሹ ጋር አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያ አዋሽ! በመንገዱ ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ በአቃቂ ውሃ ሰላጣና ጎመን ይለማበታል። ጎመኑ ደግሞ ተመልሶ ገበያ ይመጣል... ወደ እኛው ድስት። ዝናብ የወሰደው አድራሻችንን አልረሳም ማለት ነው።

አንድ ወጣት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቦይ ውስጥ ሲደፋ የጎረቤት እናት አዩት።

«ምን እያደረግህ ነው ልጄ?»

«ምን ችግር አለው እማማ፣ ዝናብ ይወስደዋል።»

«መውሰዱንማ አውቃለሁ። ከታች የሚቀበለውን ሰው ታውቀዋለህ ወይ?»

ልጁ ዝም አለ። እኛስ ምን እንላለን?

ወጪ የሌላቸው መፍትሔዎች አሉ። የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ይጠራቀም፤ ፈልጎ የሚወስደው አይጠፋም። ደጅ ሲጠረግ ቆሻሻው ወደ ቦዩ አይገፋ፤ በአካፋ ታፍሶ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይግባ። ከድስት የተረፈ ቅባት በወረቀት ተጠርጎ ይጣል። የልብስ እጣቢ ሽንት ቤት ይደፋ። መኪና በባልዲና በጨርቅ ይታጠብ፤ በጎማ ውሃ እየለቀቁ አስፋልቱን ማጥለቅለቅ ምን ይሉታል? ለእንቁጣጣሽ የሚታረደው ዶሮ ላባና አንጀትም ቦዩን የሚደፍን ነውና ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጥ።

ሌሊት ዝናብ ጠብቆ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚለቅ ጎረቤት ካለ ግን በዝምታ አትለፉት። ከታች ልጆች እግራቸውን የሚነክሩበት ውሃ ነው። ተቅማጥ ደግሞ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም።

በ2011 ዓ.ም. የወንዝ ዳር ልማቱ ይፋ ከሆነ ወዲህ ስለ ወንዞቻችን ብዙ ተወርቷል። መልካም ነው። ግን የወንዝ ዳር የሚጀምረው ከየደጃችን ነው። ስለዚህ ዛሬ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ወጣ ብላችሁ ደጃችሁን እዩት፤ ነገ ድልድዩ ሥር የሚገኘው እሱ ነው።