የኢየሩሳሌም ሽምብራ በጾም ማዕድ

በኢየሩሳሌም ከተማ ከነቢያት መንገድ ተገንጥሎ የሚሄድ፣ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አንድ ጠባብ መንገድ አለ። በዚያም ከፍ ባለ የድንጋይ አጥር ውስጥ፣ በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ፪ኛ የተፈጸመው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይታያል። በዚሁ መንገድ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1881 ወደዚያች ከተማ መጥቶ፣ ዕብራይስጥ እንደ ገና የቤትና የገበያ ቋንቋ ይሆን ዘንድ የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት አለ። ካደጉ በኋላ አዲስ ቋንቋ ለሚማሩ ሰዎች ይህ ቤት መጽናኛ ነው።

በአንድ የዐቢይ ጾም ወራት እኛ ከዚያ ሰፈር በተከራየናት፣ ምድጃ በሌላት ክፍል ሰንብተን ነበር። በመካከሉ ብርድ መትቶን በተኛን ጊዜ ከገዳሙ እናቶች አንዲት አረጋዊት እማሆይ ትኩስ ሾርባ ይዘው እየመጡ ጠየቁን። ውለታቸውን ሳንመልስ መሄድ ነውር መስሎ ስለ ታየን፣ ከመመለሳችን በፊት ጾመው ውለው በ9 ሰዓት ከማዕዳችን እንዲቀምሱ ለመንናቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉን።

በቀጠሮው ቀን ወደ መሐኔ ይሁዳ ገበያ ሄደን ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ሎሚ፣ ዳቦ፣ እንዲሁም በዕቃ የታሸገ ሑሙስ ገዛን። ሑሙስ የዐረብኛ ቃል ሆኖ ትርጉሙ ሽምብራ ነው። ምግቡም የተቀቀለ ሽምብራ ልሞ ከተፈጨ ሰሊጥ፣ ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋራ የተዋሐደ ነው። የተፈጨውን ሰሊጥ ጠሒና ይሉታል። ለጠሒና ከሚፈለጉት የሰሊጥ ዐይነቶች አንዱ የሑመራ ሰሊጥ ስለ ሆነ፣ በተከዜ አካባቢ የበቀለው ፍሬ ባሕር ተሻግሮ ወደዚያ አገር ይገባል። ስለዚህ ያ ምግብ ፈጽሞ ባዕድ አልመሰለንም።

ሰላጣው በደረቁ እንዳይቀርብ ብለን፣ ሑሙሱን በውሃና በሎሚ አቅጥነን ለማጣፈጫ ልናፈስስበት አሰብን። ነገር ግን ሰዓቱ ደርሶ ስለ ቸኰልን ውሃውን በአንድ ጊዜ ገለበጥንበትና ጓጐለ። እማሆይም ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ሳሕኑን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ይህ እርጎ አይደለምን?» አሉን።

«ሑሙስ ነው እንጂ፣ እማሆይ።»

«ሑሙስንስ ዐውቀዋለሁ፤ እንዲህ አይፈስስም።»

እኛ በድንጋጤ ዕቃውን አነሣን፤ ጽሕፈቱ ግን በዕብራይስጥ ስለ ነበረ አንድ ፊደል እንኳ ማንበብ አልቻልንም። ያመሰገንን መስሎን ጾማቸውን ልናስገድፋቸው ነበርን? ብለን ዐፈርን። እማሆይ ዕቃውን ከእጃችን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ «ፓርቬ» ብለው አነበቡ። ይህ ቃል በዚያ አገር ሥጋም ወተትም የሌለበትን ምግብ የሚያመለክት ነው። ቀጥለውም «ሽምብራ፣ ጠሒና፣ ነጭ ሽንኩርት» እያሉ ቈጠሩና ፈገግ አሉ። ዕብራይስጥ ማንበብ የጀመሩት ዕድሜያቸው 50 ካለፈ በኋላ፣ በገበያ የጾሙን ከፍስኩ ለመለየት ብለው እንደ ነበረ ነገሩን።

ከዚያም «ሹካ አምጣ፤ እልበት ሲመታ አላየህምን?» አሉን። በትግርኛ ሕልበት፣ በአማርኛ እልበት የሚባለው ከባቄላ ዱቄት የሚሠራ፣ በብዙ መምታት ነጥቶ አረፋ የሚመስል የጾም ምግብ ነው። እናታችን በጾም ሲመቱት እያየን ስላደግን ነገሩ ወዲያው ገባን። እማሆይ የጓጐለውን ትተው በጎድጓዳ ሳሕን 4 የሾርባ ማንኪያ ሑሙስ አደረጉ፤ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምረው መቱት። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ ማንኪያ በማንኪያ እያፈሰሱ፣ አንዱ ሳይዋሐድ ሁለተኛውን ሳይጨምሩ መቱት፤ በ3 ማንኪያ ውሃ ከማንኪያ ላይ በዝግታ የሚወርድ ሆነ። በመጨረሻም 1 ማንኪያ የወይራ ዘይት ጨመሩበት። ጨው ልንጨምር ስንል «የሱቅ ሑሙስ ጨው አለበትና አስቀድመህ ቅመስ» ብለው ከለከሉን። እውነትም ጨው አልጎደለውም።

ሰላጣው ተለውሶ ቀረበ። እማሆይ ባርከው ቀመሱ፤ ጥቂትም ዝም አሉ። ኋላም «እልበትን አይተካም፤ ዘመዱ ግን ነው» ብለው ሁለተኛ ጊዜ አነሡ። እኛም ያን ጊዜ ልባችን ዐረፈ።

አንባቢዎቻችን ይህን ማጣፈጫ በቤታቸው ቢሞክሩት ከ5 ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አይወስድባቸውም። እኛ ግን ከዚያ ማዕድ ይዘን የተመለስነው ሌላ ትምህርት ነው፤ ይኸውም በሰው አገር የሚኖር ሰው አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ቃል፣ እንግዳውን ያለ ሥጋት የሚያበላበት ቃል መሆኑን ነው።