ነጭ ምልክት ሁሉ አንድ አይደለም

ቋንቋ የምናጠና ተማሪዎች አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ሲሸከም ደስ ይለናል፤ ቅኔውም የሚገኘው ከዚያ ነውና። በጤና ነገር ግን ይኸው ጠባይ ጕዳት ያመጣል። «ለምጽ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ የሚመረምረው ለምጽ በሰው ቆዳ ብቻ ሳይሆን በልብስም ላይ ይወጣል፤ እንግዲያስ የአንድ በሽታ ስም ሊሆን አይችልም። እኛ ግን ነጣ ያለ ቆዳ ባየን ቍጥር ይህንኑ ስም ለጥፈን ከባለቤቱ እንሸሻለን።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በግራ እጄ ጣቶችና በከንፈሬ ዳር ለምጽ ከወጣብኝ አራት ዓመት ሆነ። እሑድ ከግቢ ወጥተን ከአንድ ትሪ ስንበላ እጁን የሚሰበስብ ጓደኛ አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ በልጅነቱ የሰማው ስም አስፈርቶት ነው። ጉርሻ በሚከበርበት አገር የማይጎርሱለት ሰው መሆን እንዴት እንደሚከብድ አንባቢ ያውቀዋል።

እንግዲህ ለይተን እንወቅ።

ለምጽ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ሲጠፉ የሚመጣ ነው። ነጭነቱ እንደ ኖራ ነው፤ ቆዳው ለስላሳ ነው፤ ሲነኩት ይሰማል። በትሪም በፎጣም አይጋባም። ፀሐይ ቶሎ ስለሚያቃጥለው መሸፈን ይገባል። በቅባትና በብርሃን የሚሰጥ ሕክምናም አለው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ቋቁቻ በደረት፣ በጀርባና በአንገት ላይ ነጣ ወይም ጠቆር ብሎ ይወጣል፤ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ዱቄት ያለ ቅርፊት ይረግፋል። የሚመጣው በቆዳችን ላይ የሚኖር ፈንገስ በሙቀትና በላብ ሲበዛ ነው። በፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይድናል፤ ይሁን እንጂ የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ወራት ስለሚፈጅ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ተስፋ መቍረጥ አይገባም።

ሥጋ ደዌ ነጣ ወይም ቀላ ቢልም እንደ ኖራ አይነጣም። ትልቁ ምልክቱ መደንዘዝ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ቆዳው በጥጥ ጫፍ ሲነካ የማይሰማው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ባክቴሪያውን ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1873 አገኘው፤ ዛሬ በሦስት መድኃኒቶች በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል። በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሠፈር ያለው አለርት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለዚሁ ሕመም ነበር። ሕክምናው ከዘገየ ነርቭ ይጎዳል፤ እጅና እግር ይሰናከላል። ብዙ ጊዜ የሚያዘገየውም ኀፍረት ነው።

ስለዚህ ያ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ የማይጋባበትን ሰው ከማዕድ ያርቃል፤ መታከም ያለበትን ደግሞ ያስደብቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት አባቶቻችን ትክክል ናቸው፤ የሚያስደብቀው ማን እንደሆነ ግን ራሳችንን እንጠይቅ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በጓደኛ ምክር ቅባት ገዝቶ መቀባት በማደሪያችን ተለምዷል። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ማሳከክን ለጊዜው ቢያስታግሥም ፈንገስን ያባብሳል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተርም ቆዳን ያሳሳል።

በጓደኛችን ቆዳ ላይ ምልክት ስናይ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስም ከማውጣታችን በፊት ወደ ክሊኒክ አብረነው እንሂድ። ከዚያም ምሳ አብረን እንብላ።