ይሄኛውስ ምን ሆነ?

በደንቡ ቢሆን የካርቦን ፋይበር ጊታር የገዛ ሰው ሁለተኛ አይገዛም። ሲሸጥለት የተነገረው ይኸው ነበር፤ አይሰነጠቅም፣ አይጣመምም፣ ዝናብ አይፈራም፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ታዲያ የገዙት ሰዎች ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ምን መሰላችሁ? ቀጥሎ የትኛውን እንደሚገዙ ነው።

ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ የሚኖር አንድ የቦክስ ጊታር ወዳጅ ይህ አመል ጸንቶበታል። የመጀመሪያ ጊታሩ የእንጨት ነበር። ጥር ላይ ውጭው በረዶ፣ ቤቱ ውስጥ ማሞቂያው ቀን ከሌት ሲነፍስ የክፍሉ አየር ደረቀ፤ አንድ ጠዋት ሣጥኑን ሲከፍት ክሮቹ ከሚታሰሩበት ብሪጅ ሥር ተነሥቶ እስከ ታችኛው ጫፍ የሚወርድ፣ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ጠበቀው። ከዚያ በኋላ ካርቦን ገዛ። ጊታሩም ቃሉን ጠበቀ፤ ሳሎን ጥግ ያለ ሣጥን፣ ያለ ሽፋን ተገትሮ ይውላል።

«ይሄኛውስ ምን ሆነ?» አለችው ባለቤቱ፣ ስልኩ ላይ ሌላ ጊታር ሲያገላብጥ ደርሳበት።

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ?»

«እሱ እኮ ነው። ምንም አይሆንም!»

የሰውየው ብሶት ሐሰት አይደለም። የእንጨት ጊታር ያለው ሰው ሰበብ አያጣም፤ ተሰነጠቀ፣ ሆዱ አበጠ፣ አንገቱ ጎበጠ ብሎ አዲስ ይገዛል። ካርቦኑ ግን ለሰበብ አይመችም።

እንጨት ከተቆረጠ፣ ከተላገ፣ ቀለም ከተቀባ በኋላም እርጥበት መምጠጥና መትፋቱን አይተውም። አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጊታር ሠሪዎች ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ያለው ክፍል የሚመክሩት ለዚህ ነው፤ በበረዶው ወራት ማሞቂያ የሚነፍስበት ቤት ከዚህ እጅግ ይወርዳል። ከበሮ መቺ የነገሩን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ ቆዳው ሲላላበት ፀሐይ አስጥቶ ያጠብቀዋል። የጊታር ፊት የሚሆነው የስፕሩስ እንጨት ሳንቃ ከተሰነጠቀ ግን ፀሐይም ቢያሰጡት አይገጥምም።

ከእንጨት ለማምለጥ መሞከር የተጀመረው ካርቦን ፋይበር ሳይታሰብ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለክላሲክ ጊታር የዛሬ መልኩን ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከተቦካ ወረቀት የሆነ ጊታር ሠራ። ሊያሳይ የፈለገው ድምፁ በዋናነት የሚወጣው ከፊቱ ሳንቃ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ፊቱን ብቻ እንጨት አደረገው። ጊታሩ ዛሬ ባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ከዘጠና ዓመት ግድም በኋላ ጣሊያናዊው ማሪዮ ማካፈሪ፣ የጃዝ ጊታር ተጫዋቹ ጃንጎ ሬይንሃርት የተጫወተባቸውን የሴልመር ጊታሮች የነደፈው ሰው፣ ወደ ፕላስቲክ ዞረ። በ1949 ያወጣው የፕላስቲክ ዩኩሌሌ፣ የጊታር ታናሽ ዘመድ፣ በሚሊዮኖች ተቸበቸበ። በ1953 የፕላስቲክ ጊታር ሲያወጣ ግን ገበያው ፊት ነሳው። ለዩኩሌሌ የተፈቀደው ለጊታር አልተፈቀደም፤ ሰው በፕላስቲክ ጊታር መታየት አፈረ።

እፍረቱን የሰበረው ሄሊኮፕተር ሠሪ ነው።

ቻርልስ ካማን በወጣትነቱ ጥሩ ጊታር ተጫዋች ስለነበር በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው የቶሚ ዶርሲ ባንድ የሥራ ጥያቄ መጥቶለት ነበር። እምቢ ብሎ መሐንዲስነቱን መረጠ፤ በ1945 ኮነቲከት ውስጥ የራሱን የሄሊኮፕተር ኩባንያ አቋቋመ። የሄሊኮፕተር ሥራ ዋናው ጣጣ ንዝረት ነው። መሐንዲሶቹ ቀን በቀን የሚታገሉት የሚሽከረከረው ክንፍ የሚፈጥረውን ንዝረት እንዴት እንደሚያጠፉት ነበር። ካማን ደግሞ ጊታሩን አልረሳም፤ ንዝረት ማጥፋት የሚችል ሰው ንዝረት ማቆየትም አያቅተውም ብሎ አሰበ። መጀመሪያ ከ1833 ጀምሮ በጊታር የታወቀውን የማርቲን ኩባንያን ሊገዛ ጠየቀ፤ ባለቤቶቹ አንሸጥም አሉት። እሱም በ1966 ኦቬሽን የተባለውን ጊታር አወጣ፤ ጀርባው እንደ ክራር ገበቴ የጎደጎደ፣ ከመስታወት ፋይበርና ሬዚን ከተባለ ሙጫ በአንድ ላይ የተቀረጸ። ዘፋኙ ግሌን ካምቤል በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ላይ ይዞት ብቅ ሲል አሜሪካ ሁሉ አየው። ፊቱ ግን ገና ስፕሩስ ነበር። በ1976 የመጣው አዳማስ የተባለው ሞዴል ፊቱንም ቀየረ፤ በሁለት ስስ የካርቦን ሽፋኖች መካከል ቀጭን የበርች እንጨት ተደረገ። መሀል ላይ የለመድነው ክብ ቀዳዳም ቀረና 22 ትናንሽ ቀዳዳዎች ወደ ትከሻው ወጡ።

እዚህ ላይ ስለ ካርቦኑ ራሱ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ኤዲሰን በ1870ዎቹ መጨረሻ አምፖሉን ያበራው ባከሰለው ክር ነው፤ ኋላም ቀርከሃ አክስሎ ተጠቅሟል። ዛሬ የምናውቀው ጠንካራው ፋይበር ግን የ1958 ልጅ ነው፤ ሮጀር ቤከን የተባለ ሳይንቲስት ኦሃዮ ውስጥ በዩኒየን ካርባይድ ቤተ ሙከራ አገኘው። ጃፓኖችና እንግሊዞች ተከታትለው አሻሻሉት። ሮልስ ሮይስ ለአውሮፕላን ሞተር ክንፍ ሊያደርገው ሞክሮ ክንፉ የወፍ ግጭት ፈተናውን ወደቀ፤ ኩባንያው በ1971 ሲከስር ያ ሞተር ያመጣበት ወጪ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከዚያ ወዲያ ካርቦን ወደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ወደ ጎልፍ ዱላ ገባ፤ እያደር ወደ ሰማይ ተመለሰ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2012 በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ሲረከብ፣ የአውሮፕላኑ ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት (በሬዚን የተያያዘ ፋይበር)፣ በተለይም ካርቦን ፋይበር ነበር። አካሉ ስለማይዝግ ቦይንግ የካቢኑን አየር ከሌሎች አውሮፕላኖች ይበልጥ እርጥብ ማድረግ ችሏል። እንግዲህ በእጅ ሻንጣ ቦታ የእንጨት ጊታር የሰቀለ መንገደኛ፣ ሳያውቀው፣ ጊታሩን በካርቦን ሣጥን ውስጥ አድርጎታል ማለት ነው።

ሙሉ በሙሉ ከካርቦን የሆነውን የቦክስ ጊታር ለገበያ ያበቃው ጆን ዴከር የተባለ የፊዚክስ ሰው ነው። የሚኖረው ሃዋይ፣ ማዊ ደሴት ላይ ነበር። እርጥበት ሲበዛ ሙጫ የሚለቅበት፣ ሳንቃ የሚያብጥበት አገር ስለሆነ ስሙንም ከዝናብ ወሰደለት፤ ሬይንሶንግ። ብቻውን አልሠራውም፤ ሎሬንዞ ፒሜንቴል የተባለ ነባር ጊታር ሠሪና ጆርጅ ክሌይተን የተባለ የኮምፖዚት መሐንዲስ አብረውት ነበሩ። በኋላ ፋብሪካው ወደ ዋሽንግተን ግዛት ተዛወረ። ሉዊዚያና ውስጥ ኮምፖዚት አኩስቲክስን የመሠረተው ኤሊስ ሲል ደግሞ የሮኬት መሐንዲስ ነበር፤ ኩባንያው በ2010 ተዘግቶ በዚያው ዓመት ፒቪ የተባለው የሙዚቃ ዕቃ ኩባንያ ገዛው። አየርላንድ፣ ዶኒጎል ውስጥ ኤመራልድ ጊታርን ያቋቋመው አሊስተር ሄይ ከእሽቅድምድም የኮምፖዚት ሥራ የመጣ ነው። ዊስኮንሲን ላይ ማክፈርሰን ጊታርን የያዘው ማት ማክፈርሰን በይበልጥ የሚታወቀው ማቲውስ በተባለው የአደን ቀስት ነው።

ሄሊኮፕተር፣ ሮኬት፣ እሽቅድምድም፣ ቀስት። አናጺ በመካከላቸው ጥቂት ነው።

ከጊታር ጎረቤትም አንድ ምስክር አለ። የቦስተን ሲምፎኒው ቼሎ ተጫዋች ሉዊስ ሌጊያ በጀልባ ሲጓዝ ማዕበሉ ቅርፊቱን ሲመታው የሚወጣውን ድምፅ ሰምቶ ነው የካርቦን ቼሎ ያሰበው፤ ከጀልባ ሠሪው ስቲቭ ክላርክ ጋር ሆኖም ሠራው። ስመ ጥሩው ቼሎ ተጫዋች ዮ ዮ ማ በጥር 2009 በኦባማ በዓለ ሲመት ላይ ብርዱን ፈርቶ የካርቦን ቼሎ ይዞ ለመቅረብ አስቦ ነበር። መልኩ የሰውን ዓይን እንዳይሰርቅ ብሎ ተወው፤ በቦታው ሕዝቡ የሰማው አስቀድሞ የተቀዳውን ነው። ብርዱን የሚችል ዕቃ በእጁ ሳለ በመልኩ ብቻ ቀረ።

የመልክ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ካርቦን ጊታርን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ከሚያብረቀርቀው ቀለም ሥር የሽመናውን ድርና ማግ ያያል፤ ወደ መብራት ሲያዘነብሉት አንዱ ረድፍ ይበራል፣ አንዱ ይጠቁራል። አሠራሩም የልብስ ስፌት ይመስላል፤ ሬዚን የጠጣው ጨርቅ በልክ ይቆረጣል፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ በእጅ ይነጠፋል፣ አየሩ ተመጥጦ በሙቀት ይደርቃል። ሲወጣ መጋጠሚያ የለውም፤ ከውስጥ የእንጨት ጊታር ፊት የሚደገፍባቸው አግዳሚዎችም ብዙውን ጊዜ የሉም። ይህን ሁሉ ደክመው ሲያበቁ ኤመራልዶች አንዳንዱ ጊታር ላይ ስስ የእንጨት ልባጥ ይለጥፉበታል። ገዢው ከእንጨት ሸሽቶ መጥቶ እንጨት እንዲመስልለት ይከፍላል። ማክፈርሰኖች ደግሞ፣ ወገናቸው አዳኝ ነውና፣ ዝንጉርጉር የአደን ቀለም ያለው አውጥተዋል፤ ጫካ ውስጥ ጊታርን ከማን እንደሚደብቁት እነሱ ያውቃሉ።

የዋጋው ነገር በቻይናዎች ተገለባብጧል። ሬይንሶንግ፣ ኤመራልድና ማክፈርሰን በሺዎች ዶላር የሚቆጠሩ ናቸው። ላቫና ኤኒያ የተባሉት የቻይና ኩባንያዎች ከጥቂት መቶ ዶላር ጀምሮ አመጡት። ገዢ ግን እዚህ ላይ ዓይኑን ይክፈት፤ ርካሾቹ አብዛኞቹ በእጅ የተነጠፈ ጨርቅ አይደሉም፤ ቁርጥራጭ ካርቦን የተቀላቀለበት ፕላስቲክ በማሽን ወደ ቅርጽ ማውጫ ተወግቶ የሚወጣ ነው። መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም፤ ማካፈሪ በ1953 ሊያደርግ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ላቫ ከዚያም አልፎ የንክኪ ስክሪን ያለው ጊታር አውጥቷል። ይህ ጸሐፊ ግን ቻርጅ የሚደረግ ጊታር ለልጅ ልጅ ይተርፋል ብሎ ለመማል ይቸገራል።

አንድ የማይካድ ምክንያት ለካርቦን ተጨምሯል። በጥር 2017 የሮዝውድ ዝርያዎች በሙሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ሲገቡ ጊታር ይዞ ድንበር ማቋረጥ ሙዚቀኛን ሁሉ አሳስቦ ነበር። በ2019 መጨረሻ ለተሠሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ደንቡ ላላ፤ ከብራዚሉ ሮዝውድ በቀር። ካርቦን የያዘ ሰው ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ስለ እንጨት የሚጠይቀው የለም።

ድምፁስ? ካርቦን ብሩህ ነው፣ ከክር ወደ ክር የሚዛባ አይደለም፣ አንዴ የተመታው ኖታ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ለአንዳንድ ሙዚቃ ይህ በረከት ነው። ትዝታን በክራር አመታት ለሚጫወት ሰው ግን ይደራረብበታል፤ ቀኝ እጁ ክሩን እያፈነ መሄድ መልመድ አለበት። የእንጨት ወዳጆች የሚያወሩት «ጊታር ሲያረጅ ድምፁ ይከፈታል» የሚባለውም እዚህ አይጠበቅም። በመጀመሪያው ቀን የተሰማው ድምፅ ከሃያ ዓመት በኋላም ያው ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ያልወደዱትን «ይሻሻላል» ብሎ መግዛት ሞኝነት ነው። ሌላም አለ፤ አንዳንዱ ካርቦን ጊታር አንገቱ ውስጥ ማስተካከያ ዘንግ የለውም። ክሩ ከፍሬቱ ያለው ርቀት ለእጅዎ ካልተመቸ ማስተካከል የሚቻለው በዋናነት በብሪጁ በኩል ነውና ሳይሞክሩ በፎቶ መግዛት አይመከርም።

እንግዲህ ሰውየው የትኛውን ይግዛ? እያንዳንዱን ጊታር የወለደው የአንድ ሰው አንድ ችግር ነው። ደጅ የሚጫወት፣ እርጥብ አገር የሚኖር ሰው የዴከር ዘመድ ነው፤ ሬይንሶንግን ይሞክር። እጁ ያልለመደ ቅርጽ የማያስፈራው ለኤመራልድ ይሄዳል። ለልጁ የሚገዛ ወይም ሻንጣ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ሁለት ሺህ ዶላር የሚያወጣበት ምክንያት የለም፤ የቻይናው ይበቃዋል። የሴንት ፖሉ ሰው ግን ሙሉ መጠን ያለው ጤነኛ ካርቦን ሳሎኑ ቆሟል። ለሱ ሐቀኛ ሰበብ አንድ ብቻ ነው፤ በአውሮፕላን የእጅ ሻንጣ ቦታ የምትገባ ትንሽ ጊታር። ሌላ ትልቅ ከገዛ ለባለቤቱ የሚሰጠው መልስ ከበፊቱ አይሻልም።

ለማንኛውም፣ ካርቦኑ የሚጠብቀው አካሉን ነው። ክሩ አሁንም ብረት ነው፤ የእጅ ላብ ያዝገዋል፣ በሁለትና በሦስት ወር ድምፁ ይሞታል፣ ዋጋውም ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ጊታርዎ ሰለቸዎት? ክሩን ይቀይሩና አንድ ሳምንት ይጫወቱበት። ከዚያ በኋላም ካማረዎት ይግዙ።