የመድረክ ሰው በራሱ ስም ሲናገር

ደበበ እሸቱን በምን ታውቋቸዋላችሁ?

ሰሞኑን ይህንኑ ጥያቄ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳቀርብ ነበር። በዕድሜ የገፉት ወዲያው የሚያነሡት የቀድሞውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና "ሻፍት በአፍሪካ" የተባለውን ፊልም ነው። የእኔ እኩዮች "የቅንጅቱ ደበበ" ይላሉ፤ ቅንጅት የተባለው የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት ከተወዳደረበት ከምርጫ 97 በፊት የነበረው የሰውየው ሕይወት ለእነሱ የለም ማለት ይቻላል። ከእኛ በታች ያሉት ደግሞ ስማቸውን ሰምተው መልካቸውን አያውቁትም። የአንድ ተዋናይ ሕይወት እንዲህ ተቆራርሶ በየትውልዱ እጅ መቅረቱ ያንገበግበኛል፤ ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

ባለፈው እሑድ ይህንኑ በልቤ ይዤ እንጦጦ ማርያም አስቀድሼ ግቢው ውስጥ ያለውን ሙዚየም ጎበኘሁ። አጤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የነገሡት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሙዚየሙ የንጉሡንና የእቴጌ ጣይቱን አልባሳት፣ ነጋሪቱን፣ ንዋየ ቅድሳቱን ይዟል። በወርቅ ክር የተጠለፈ የነገሥታት ልብስ ፊት ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ልብሱን የለበሱት ካለፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ልብሱ ግን አለ። ታዲያ ነገሥታቱን ሆነው መድረክ ላይ የቆሙት ተዋንያንስ ምን ተረፈላቸው? የተዋናይ ካባ ተውኔቱ ሲያበቃ አልባሳት ክፍል ይገባል፣ ለሌላው ይጠብባል፣ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ነትቦ ይጣላል። ድምፁም ከአዳራሹ አይወጣም። የያኔዎቹ ታላላቅ ተውኔቶች አብዛኞቹ በካሜራ ሳይቀረጹ አልፈዋል፤ ያዩት ሰዎች ሲያልቁ አብረው ያልቃሉ።

ከቅጥሩ ወጣ ብሎ ከተማዋን ቁልቁል ለሚያይ ሰው የጋሽ ደበበ ዘመን ከነአድራሻው ይታያል። ከተራራው ግርጌ ስድስት ኪሎ አለ፤ ያ ትውልድ ቴአትርን እንደ ትምህርት የጀመረበት ዩኒቨርሲቲ። ወደ ለገሃር ሲወርዱ በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተመርቆ የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር ቤት ይገኛል። ፒያሳ አካባቢ ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እስር ቤት ነበር። ራቅ ብሎ፣ በስተደቡብ የቃሊቲ እስር ቤት። ሰውየው አራቱንም አይተዋቸዋል።

በሃንጋሪ ቴአትር ተምረው ከተመለሱ በኋላ ስማቸው ከእነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ተስፋዬ ገሠሠና ወጋየሁ ንጋቱ ጋር የሚጠራ ሆነ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው "ሻፍት በአፍሪካ" ደግሞ ከአሜሪካዊው ተዋናይ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር አጫወታቸው። በዚያን ጊዜ አገራችን ራሷ የሠራቻቸው የልብ ወለድ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ "ሂሩት አባቷ ማን ነው" ከወጣ ገና ስምንት ዓመቱ ነው። ፊልሙን ብዙ ሰው እንደ ድብድብ ፊልም ብቻ ያየዋል። ታሪኩ ግን አፍሪካውያን ወጣቶችን በሥራ ስም ወደ አውሮፓ እያሻገረ እንደ ባሪያ ስለሚሸጥ ቡድን ነው። የሊቢያን በረሃ የስደተኞች ወሬ በየቀኑ ለምንሰማ ለእኛ ይህ የድሮ ፊልም ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ወደ ፖለቲካው ልምጣ፤ ጭቅጭቁ ያለው እዚያ ነውና።

"ተዋናይን ፖለቲካ ምን አገናኘው?" የሚለውን ያኔም ሰምቻለሁ፣ ዛሬም እሰማለሁ። የቴአትራችንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ባልጠየቀ ነበር። የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔታችንን "ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ"ን የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ተውኔቱ ሹማምንቱን ነክቷል ተብሎ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እኚሁ ሰው በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፣ ጄኔቭ ላይ ለኢትዮጵያ ተሟግተዋል። ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውም ተውኔት ይጽፉ ነበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትርም ነበሩ። መድረክና መንግሥት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም። ልዩነቱ ሲናገር የኖረው ደራሲው መሆኑ ነው። ደራሲው ባለሥልጣን ነው፣ የተማረ ነው፣ ሰው ይፈራዋል። ተዋናዩ ግን የሰው ቃል ተሸካሚ ነው፤ እንደ አዝማሪ ሲናቅ የኖረ ሙያ ነው። ጋሽ ደበበ የቅንጅትን የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ሲይዙ የሰው ቃል ተሸካሚ የነበረው ሰው የራሱን ቃል ይዞ አደባባይ ወጣ። ትልቁ ነገር ለእኔ ይኼ ነው። ቅንጅትን የደገፈም የተቃወመም ይህን ለማየት አይቸገርም።

የከፈሉት ይታወቃል። በ1998 ዓ.ም. ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ፣ በአገር ክህደት ተከሰሱ፣ ቃሊቲ ከረሙ፣ በ1999 ሐምሌ ወጡ። በ2003 ማለቂያ፣ ጳጉሜ ላይ፣ በሽብር ተጠርጥረው እንደገና ተያዙ፤ ከሁለት ወር ያህል በኋላ ተለቀቁ። ያኔ ወደ ሰባ ዓመት እየተጠጉ ነበር። ወገን የለየ ተዋናይ ከተመልካቹ ግማሹን ያጣል የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው። ተዋናይ ያለ ተመልካች ምንም ስለሆነ ይህ ከእስሩ የማይተናነስ ዋጋ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ2006 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላዊው ዳይሬክተር ባዚ ጌቴ "ቀይ ቅጠሎች" የሚል ፊልም አወጣ፤ መሪ ተዋናዩ ጋሽ ደበበ ናቸው። ታሪኩ የሼክስፒርን "ንጉሥ ሊር" መነሻ ያደረገ ነው። ሚስታቸው የሞተችባቸው የሰባ አራት ዓመት አዛውንት ቤታቸውን ሸጠው ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር ይነሣሉ። እስራኤል ከገቡ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዕብራይስጥ ግን እምብዛም አይናገሩም፣ በአማርኛውም ቢሆን ቁጥብ ናቸው። በልጆቻቸው ቤት የአባትነት ክብራቸው ቀስ በቀስ ይሸረሸራል። መድረክን በድምፁ የሚሞላ የነበረ ተዋናይ እዚህ በዝምታው ይጫወታል። አንገቱን ያቀናል፣ ያየውን እንዳላየ ያልፋል፣ ቅር ሲለው ይነሣና ይሄዳል። የአገሬ አባቶች ሲከፉ እንዲሁ ናቸው፤ የራሴን አያት ያየሁ መሰለኝ። ፊልሙ በኢየሩሳሌም የፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል።

የእንግሊዟ ተዋናይት ግሌንዳ ጃክሰንም ሁለት ኦስካር ከወሰደች በኋላ ትወናውን ትታ ከእ.ኤ.አ. 1992 እስከ 2015 የፓርላማ አባል ሆና አገለገለች። በሰማንያ ዓመቷ ወደ መድረክ ስትመለስ የተጫወተችው ንጉሥ ሊርን ነው። ሁለቱም ከፖለቲካ ወጥተው ሥልጣኑን አሳልፎ ሰጥቶ ሜዳ ላይ ወደ ቀረ ሽማግሌ መሄዳቸው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ግን አደባባይ ወጥቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ተገፍቶ የተመለሰ ሰው ያንን ንጉሥ ከማንም በተሻለ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ። የእሷ አገር ግን የመድረክ ሥራዋንም የፓርላማ ንግግሯንም መዝግቦ ይዟል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ፣ ወይም የአባትና የእናታችሁ ሳጥን ውስጥ፣ የድሮ ቴአትር ፎቶግራፍ፣ የመግቢያ ትኬት፣ ፕሮግራም ወይም ካሴት ካለ አትጣሉት። ፎቶ አንሥታችሁ ከዚህ በታች ለጥፉት፤ ዋናውን ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ለወመዘክር ወይም ለብሔራዊ ቴአትር ስጡ። የዚያን ዘመን ተውኔት ያየ ሽማግሌ ቤታችሁ ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ከፍታችሁ ያየውን ይንገራችሁ፤ ቅዱት።