የማረፍ ትምህርት

በ1952 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስመ ጥሩው የቫዮሊን ተጫዋች የሁዲ ሜኑሂን ወደ ሕንድ ሀገር በተጓዘ ጊዜ ዕድሜው ገና 35 ነበር፤ ድካሙ ግን የሽማግሌ ድካም ነበር። በልጅነቱ መድረክ ላይ የቆመ፣ በ11 ዓመቱ የኒው ዮርክን ካርኔጊ አዳራሽ ያስደነቀ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በየጦር ሰፈሩና በየሆስፒታሉ እየዞረ ከ500 ጊዜ በላይ የተጫወተ ሰው ነበር። በልጅነቱ እጁ ሳይጠየቅ ይሠራው የነበረውን፣ ከጎለመሰ በኋላ እየለመነው እንኳ አልሠራ እያለው ተቸግሮ ነበር። እንቅልፍም አጥቷል።

በቦምቤይ ከተማ ከአንድ የዮጋ መምህር ጋር አገናኙት። ለመምህሩ የተሰጠው ጊዜ 5 ደቂቃ ብቻ ነበር ይባላል። መምህሩም አንዳች አስደናቂ ትርኢት አላሳየም፤ የደከመውን ሙዚቀኛ በጀርባው አጋድሞ ጆሮውንና ዓይኑን በጣቶቹ በቀስታ ሸፈነለት። ሜኑሂን ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው፤ የነቃው ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለዚሁ መምህር የእጅ ሰዓት ሲሸልመው፣ በሰዓቱ ጀርባ ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ ከቫዮሊን አስተማሪዎቹ ሁሉ የላቀው እርሱ መሆኑን የሚመሰክር ነበር። ሰውየው ግን የቫዮሊን ተጫዋች አልነበረም።

መምህሩ ቢ.ኬ.ኤስ. ኢየንጋር ነው። በ1918 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ኢትዮጵያውያን «የኅዳር በሽታ» እያሉ የሚያስታውሱት ወረርሽኝ ዓለምን በሚያጭድበት ወራት፣ በደቡብ ሕንድ ቤሉር በምትባል መንደር ከታመመች እናት ተወለደ። ከ13 ልጆች 11ኛው ነበር። ወባ፣ ተስቦና የሳንባ ነቀርሳ በየተራ ተፈራረቁበት፤ አባቱም ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለ ሞተበት። እጅና እግሩ እንደ ጭራሮ የቀጠነ፣ አንገቱ ራሱን መሸከም የተሳነው ልጅ ነበር። በ1934 ዓ.ም. በማይሶር ቤተ መንግሥት ዮጋ ያስተምር የነበረው የእህቱ ባል ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ ወደ ቤቱ ወሰደው።

ይህ አማች ሊቅ ነበር፤ ቁጡም ነበር። ኢየንጋር ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ አንድ ቀን እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ አንዱን እግር ወደፊት ሌላውን ወደኋላ ዘርግቶ መሬት ላይ መሰንጠቅን የሚጠይቀውን ሀኑማናሳና የተባለ አቋም እንዲያሳይ በድንገት አዘዘው። ልጁ አልተዘጋጀም፤ እምቢ ማለትም አይቻልም። ሠራው። በጭኑ ጀርባ ያለው ጅማት ተበጥሶ ለረጅም ጊዜ እያነከሰ ኖረ። ትርኢት ለተመልካች የሚያስደስተውን ያህል ሠሪውን ሊጎዳ እንደሚችል ለማወቅ፣ ለአንድ ጎረምሳ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አያስፈልግም።

በ1937 ዓ.ም. ወደ ፑኔ ከተማ ለ6 ወር እንዲያስተምር ተላከ፤ ኑሮውም በዚያው ሆነ። ከእርሱ የሚበልጡ፣ ከእርሱ የሚጠነክሩ ተማሪዎች ነበሩት። የራሱ ሰውነት ግትር፣ የተጎዳ፣ በሽታ የደቆሰው ስለ ነበር አንዱን አቋም ከመሥራቱ በፊት አጥንቱ የት እንደሚያርፍ፣ ቆዳው በየት በኩል እንደሚሳብ መመርመር ግድ ሆነበት። ድንጋይና ጡብ ከመንገድ እየለቀመ እጁ ያልደረሰበትን መደገፊያ አደረገ። ኋላ የእንጨት ብሎኩ፣ ቀበቶው፣ ገመዱ፣ ወንበሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ በየሀገሩ ሽማግሌውም አራሷም በወንበር ተደግፈው ዮጋ የሚሠሩት፣ ጤነኛ ሰው ሊያስበው የማይችለውን በሽተኛው ስላሰበው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1966 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ 600 ያህል ፎቶግራፎች ይዟል፤ መቅድሙን የጻፈው ሜኑሂን ነው።

ዮጋ የሚለው ቃል በሳንስክሪት ከመጥመድ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል፤ ማነቆው ከጠበቀ በሬው ይታነቃል፣ ከላላም ቀንበሩን ጥሎ ይሄዳል። ከ1,500 ዓመታት በፊት የተዘጋጁት የፓታንጃሊ የዮጋ ድንጋጌዎች ቁጥራቸው ወደ 200 ይጠጋል፤ ከእነዚህ ስለ አካል አቋም የሚናገሩት ግን 3 ብቻ ናቸው። አቋም የጸናና የተመቸ እንዲሆን ያዛሉ፤ የሚገኝበትንም መንገድ ሲያመለክቱ ጥረትን ማላላት ይላሉ። መጨመርን ሳይሆን ማላላትን! ስለ መገለባበጥና ስለ መተጣጠፍ አንዳችም አላነሡም። ዛሬ ዮጋ ተብሎ በየሥዕሉ የሚታየው የቆሙ አቋሞች ብዛት አብዛኛው በማይሶርና በመሰል ስፍራዎች በ20ኛው መቶ ዓመት የተደራጀ ነው፤ ይህም ክብሩን አይቀንሰውም።

ጀማሪ የሚማረው መጀመሪያ መቆምን ነው። «ታዳሳና»፣ ማለትም የተራራ አቋም፣ ለተመልካች ሰው አውቶቡስ የሚጠብቅ ይመስላል። ሠሪው ግን ክብደቱ በተረከዙ ላይ ብቻ መውደቁን፣ አንዱ ትከሻ ከሌላው ከፍ ማለቱን፣ ያለ ምክንያት ጥርሱን መንከሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። ቀጥሎ የሦስት ማዕዘኑ አቋም ይመጣል፤ እግር ተራርቆ፣ ወገብ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ አንዱ እጅ ወደ ምድር ሌላው ወደ ሰማይ። ጭን ይጠነክራል፣ ጀርባ ይፍታታል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ይገባል ካላቸው ነገሮች ውስጥ ዮጋ አንዱ ነው። የሁሉም ደዌ ፈውስ ነው የሚሉ ግን ዮጋን የሚያሳጡ ናቸው። በራስ መቆም ለምሳሌ የዓይን ግፊትን ስለሚጨምር ግላኮማ ላለበት ሰው ጉዳት ነው።

አእምሮ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚገባው በትንፋሽ በኩል ነው። ልብ ሰው አየር ሲስብ ፈጠን፣ ሲያስወጣ ዘግየት ብላ ትመታለች። ስለዚህ አወጣጡን ያረዘመ ሰው የማይታዘዝ የሚመስለውን ልቡን በጎን በር ገብቶ ያግባባዋል። አማርኛ «ልቡን ሰበሰበ» የሚለው አገላለጽ ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ከአቋሞች ሁሉ ቀላል የሚመስለው «ሻቫሳና»፣ የአስከሬን አተኛኘት፣ ለመማር ከሁሉ የሚያስቸግር ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው «ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ» ድካምን እንደሚያነሳ፣ ኅሊናንም እንደሚያሳርፍ ይገልጻል። የሚሠራ ምንም ነገር የለበትም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ሜኑሂን በቦምቤይ ያገኘውን ይህንኑ ነገር የቴአትር ሰዎች ከ40 ዓመት በፊት በሞስኮ ይፈልጉት ነበር። ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ በ1912 ዓ.ም. የሞስኮ የኪነ ጥበብ ቴአትርን የመጀመሪያ ስቱዲዮ ሲያቋቁም፣ ተዋንያኑን ከሌዎፖልድ ሱሌርዢትስኪ ጋር ሆኖ ጡንቻ ማላላትን፣ ትኩረትንና ትንፋሽን ያለማመዳቸው ከዮጋ በወሰዳቸው ልምምዶች ነው። ምንጩ በሩሲያኛ የተተረጎመ የ«ዮጊ ራማቻራካ» መጽሐፍ ነበር፤ ይህ ዮጊ፣ እንደሚታመነው፣ ዊልያም ዎከር አትኪንሰን የተባለ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው። እውነት አንዳንድ ጊዜ በሐሰት ስምም ትጓዛለች።

በ1938 ዓ.ም. የወጣው የስታኒስላቭስኪ የተዋናይ መማሪያ አንድ ምሳሌ አለው። መምህሩ ተማሪውን የፒያኖ ጫፍ በአንድ እጁ እንዲያነሳ ያደርግና እንደያዘ 37 በ9 ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ይጠይቀዋል። ተማሪው አይችልም፤ ፒያኖውን ሲያስቀምጥ ግን ይችላል። ተዋናይ አንገቱ ተወጥሮ ስለ ሐዘን ቢናገር ተመልካቹ የሚያየው አንገቱን ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ለኅትመት ሲበቃ የሶቪየት ሳንሱር ለዮጋ ስም ቦታ አልነበረውም፤ በስቱዲዮው ይነገር የነበረው «ፕራና» የሚለው ቃል «የጡንቻ ኃይል» በሚል ዓይነት አባባል ተተካ። ስለዚህ የበርካታ ሀገራት ተዋንያን ወለል ላይ ተንጋለው ጡንቻቸውን እያላሉ አደጉ፤ ከማን እንደ ተበደሩ ግን አልተነገራቸውም። ምንጭን ደብቆ ውኃውን ማስቀዳት ለኪነ ጥበብ ትልቅ በደል ነው፤ የተዋናዩን እጅ ቢያቀናም እንኳ።

ሕንድ በስሟ ይህን ሀብት ያስመዘገበችው አዲስ አበባ ላይ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በኅዳር 2009 ዓ.ም. በከተማዋ የተቀመጠው የዩኔስኮ ኮሚቴ ዮጋን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ፤ በዚያው ጉባኤ የኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዓትም ተመዘገበ።

ኢየንጋር ይህን አላየም፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በፑኔ በ95 ዓመቱ ዐርፏል። ከ80 ዓመቱም በኋላ በየዕለቱ ልምምዱን አላቋረጠም ነበር። ትምህርቱ በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ መጨረሻው ያው ነው፤ ተማሪዎች ይንጋለላሉ፣ መዳፎቻቸው ወደ ላይ ይዞራሉ፣ ክፍሉ ዝም ይላል። መምህሩ በመካከላቸው ይመላለሳል። አንዱ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ያረፈ መስሎታል፤ አውራ ጣቱ ግን አሁንም እንደ ተጨበጠ ነው። መምህሩ ጎንበስ ይልና በአንድ ጣቱ ብቻ ይነካዋል።